ሐኪሙ የቀበራቸው ኮምፒውተሮች

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የሠራተኛ ማኅደሩ ብቻ ነው። ለቀረው ሰው ሁሉ፣ ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ «ሐኪሙ» ነበር። ስሙን ያወጡለት የቤተ መጻሕፍቱ አንባቢዎች ናቸው። ኮምፒውተር ሲታመም ጠጋ ብሎ ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ይለጥፍና ያዳምጣል፤ ከዚያ ቀና ብሎ «ይቺ እንኳ ማራገቢያዋ ነው፤ አቧራ አንቋት ነው» ይላል። ሲከፍተው እውነትም አቧራ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ሲቆይ፣ «ይሄንን አላውቀውም» ሲል የሰማው ሰው የለም።

የማያውቀው ነገር ጠፍቶ ግን አይደለም። ሐኪሙ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም። ፊደሎቹን ይለያል፣ «ኦኬ»ንና «ካንስል»ን ያውቃል፤ ከዚያ የረዘመ ዓረፍተ ነገር ግን ለእሱ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ አጎቱ ራዲዮ መጠገኛ ገባ። እጁ ወርቅ ነበር። ከራዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ኮምፒውተር በእጁ ብልሃት እየተንጠላጠለ ተሻገረ። ዊንዶውስ ሲጭን የሚመጡትን ገጾች ሁሉ በቃሉ ይዟቸዋል፤ መጀመሪያ ሰማያዊው፣ ቀጥሎ ከታች በስተቀኝ መጫን፣ ሦስተኛው ላይ ሁለተኛውን መስመር መምረጥ፣ ከዚያ መጠበቅ። ትርጉሙ ሳይገባው እንደሚደገም ጸሎት ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብብልኝ የሚል ሰው ከመጣ «መነጽሬን ቤት ረስቼው» ይላል። ምስጢሩን የደረሰችበት ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ነግሯት ሳይሆን፣ የዚያ መነጽር መረሳት በዝቶባት ነው።

በንባብ አዳራሹ ውስጥ አሥራ ስድስት ኮምፒውተሮች ነበሩ። ሁሉም በአንድ ቀን የተገዙ፣ ዓይነታቸው አንድ የሆነ፣ ሐኪሙ ራሱ በእጁ ጽፎ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ቁጥር የለጠፈባቸው። አንድ ቀን ጠዋት ሲከፈቱ በሁሉም ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ብቅ አለ። አንባቢዎቹ አነበቡትና ወሬው እስከ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደረሰ። አሁን የሚሠሩበት ዊንዶውስ ከጥቂት ወራት በኋላ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም፤ ወደ አዲሱ መዛወር ግድ ነው። አዲሱ ደግሞ እንግዳ ተቀባይ ሁሉ ቤት የሚገባ አይደለም። ፕሮሰሰር ይመርጣል፣ ራም ይጠይቃል፣ በተለይ ደግሞ የኮምፒውተሩን ምስጢርና ቁልፍ የሚይዝ የደኅንነት ቺፕ ካላገኘ ደጃፉን አይረግጥም።

ሥራ አስኪያጁ ሐኪሙን አስጠራው።

«የትኞቹ ይችላሉ፣ የትኞቹ አይችሉም? እስከ ሐሙስ አንድ ወረቀት አምጣልኝ።»

«ምን ችግር አለ!» አለ ሐኪሙ።

የመመርመሪያውን ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መጣና ቁጥር አንድ ላይ አስነሳው። ቀይ ምልክት ወጣ፤ ከሥሩ አራት አምስት መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ቁጥር ሁለትም ቀይ። ቁጥር ሦስትም ቀይ። ጽሑፉን አየው እንጂ አላነበበውም። ቀይ ቀይ ነው፤ መንገድ ላይም ቀይ ሲበራ ቁም ማለት ነው ብሎ አሰበ። የቀሩትን አሥራ ሦስቱን አልነካቸውም። የአንድ እናት ልጆች አይደሉ? ወረቀቱ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ደርድሮ በእያንዳንዱ አንጻር «አይችልም» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ሐሙስ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ለሳምንታዊው ስብሰባ ተቀመጠ። ወረቀቱ ተነበበ። ሥራ አስኪያጁ «ሌላ አስተያየት ከሌለ…» ብሎ ሊዘጋው ሲል ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። የካታሎግ ክፍሏ ሠራተኛ ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ ከመጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ከመጽሐፎቿ ጋር ካልሆነ ከሰው ጋር ብዙ የማታወራ ልጅ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ወደ ሐኪሙ ዞራ፤ «ሲመረምሩ በዚያ ሳልፍ ቁጥር ሦስት ላይ የወጣውን ጽሑፍ አይቼው ነበር። ‹በአሁኑ ጊዜ አያሟላም› ነው የሚለው። ቺፑም የለም አይልም፤ መከፈቱን አረጋግጡ የሚል መሰለኝ። ምናልባት ያለ ነገር ተዘግቶ ይሆን እንዴ?»

ሐኪሙ ደነገጠ። ልጅቷ ተሳስታለች ብሎ አይደለም። እሱ ያየውንና ያላነበበውን ጽሑፍ እሷ ስታልፍ በዓይኗ ጠርጋ እንዳነበበችው ገብቶት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ «እስቲ እርስዎ ምን ይላል አሉት?» ብትለው፣ ጉዱ ይፈላል። ስለዚህ አፏን ቶሎ መዝጋት ነበረበት።

«ስሚ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር አንቺ ጡት አልጣልሽም። በአሁኑ ጊዜ፣ በቀድሞ ጊዜ እያልሽ ሰዋስው ማስተማር ካማረሽ ትምህርት ቤት ተቀጠሪ። ቺፕ እንደ መስኮት የሚከፈትና የሚዘጋ መሰለሽ? ይልቅ ሂጂና የመጽሐፍሽን አቧራ አራግፊ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጥበቃው ሳይቀር ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ልጅቷ «ይቅርታ» ብላ ተቀመጠች፤ አንገቷ ድረስ ቀልታ የእስክሪብቶዋን ክዳን ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች። ሐኪሙን ሳቁ ለአፍታ ሞቀው። ተረፍኩ ብሎ ተነፈሰ።

በሁለተኛው ሳምንት አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ጋሪውን ይዞ መጣና አሥራ ስድስቱንም እየጫነ ወሰዳቸው። አዳራሹ ተቆለፈ። በሩ ላይ «አዲስ ኮምፒውተሮች እስኪገቡ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። የአዲሶቹ ጥያቄ ወደ በላይ አካል ተልኮ ነበር፤ «በሚቀጥለው ዓመት ይታያል» የሚል መልስ ይዞ ተመለሰ።

ከአዳራሹ ሰዎች ሁሉ ይበልጥ የተጎዱት አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። አርባ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው፣ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ዓይናቸው ጠፋ። ሁልጊዜ ጠዋት በዱላቸው እየተመሩ መጥተው ቁጥር አራት ላይ ይቀመጣሉ። እዚያ ላይ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ የጫነላቸውም ሐኪሙ ነው። በሩ ከተቆለፈ በኋላ ሁለት ቀን መጥተው እጀታውን ነካክተው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ቀሩ።

ሁለት ወር ገደማ ሲሆን መምህሩ ሐኪሙ ጋ ደወሉ።

«የማንበቢያው ድምፅ ፈጠነብኝ፤ እንደ ጨረታ አጫራች ይንጣጣል። ቅዳሜ ጠዋት ብቅ ብትልልኝ?»

ሐኪሙ ኮምፒውተር የገዙ መሰለው። ቅዳሜ ሄደ። ምድር ቤት ያለች ንጹሕ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር የልጅ ልጃቸው ደብተሮች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር ቦግ ብሎ በርቷል። ሐኪሙ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ሊያስተካክል ሣጥኑን ዞር ሲያደርገው፣ ከጀርባው አንዲት ቢጫ ወረቀት ላይ በራሱ የእጅ ጽሑፍ «4» ተጽፋለች።

«መምህር…» አለ። «ይሄ ከየት መጣ?»

«ከአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ነዋ! በሰፈራችን ሲያልፍ የልጅ ልጄ አየችና ‹አያቴ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ጋሪ ላይ ናቸው› አለችኝ። አራት ቁጥርን ፈልጊልኝ አልኳት። ሰው የለመደውን ወንበር እንኳ አይለቅም።»

«አዲሱ ነው እኮ ያለበት። አዲሱ ዊንዶውስ።»

«መጀመሪያማ እምቢ ብሎ ነበር። መመርመሪያውን ስታስነሳው እኔ በማዳመጫው እሰማለሁ። ‹በአሁኑ ጊዜ አያሟላም› አለ። በአሁኑ ጊዜ! ቆይ ልጄ፣ አልኳት፣ ይሄ ‹አይችልም› ማለት አይደለም፤ የሚጎድል ነገር አለ ማለት ነው፤ ቀጥሎ ያለውን አስነብቢኝ። ቺፑ መከፈቱን አረጋግጡ ይላል። ማሽኑ ሲነሳ የሚመጣው ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ከፈተችው፤ አለቀ፤ ተቀበለው።» መምህሩ ሳቅ አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሐኪሙ ድምፅ መለሱ። «እናንተ ስትመረምሩት ምን ብሎ ነበር?»

«ቀይ… ቀይ ነበር የሚያሳየው።»

«ቀይ እንኳ እኔ አላይም። ጽሑፉ ምን ይል ነበር?»

ሐኪሙ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሰውየው እንደማያዩት እያወቀ እንኳ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መምህሩ አርባ ዓመት ሙሉ የቤት ሥራውን ያላነበበ ተማሪ ዝም ሲል ሰምተዋል፤ ይህን ዝምታ ለይተው ያውቁታል። ደግመው አልጠየቁም።

«ሻይ ላስፈላልህ?» አሉት ቀስ ብለው።

የድምፁን ፍጥነት ቀንሶላቸው ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። ከመምህሩ ዘንድ በቀጥታ የሄደው ወደ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ግቢ ነው። በዝገት ክምርና በተሰበሩ ወንበሮች መሃል ዘጠኙ ደህና ተደርድረው አገኛቸው። አምስቱ ሆድ ዕቃቸው ተዘርግፎ፣ ክፍሎቻቸው ተፈታትተው ተሸጠዋል። ከመምህሩ ሌላ አንዱን ማን እንደወሰደው ሰብሳቢውም አያስታውስ።

«ምነው፣ አይሆኑም ብለህ አልነበር እንዴ በገዛ እጅህ ያስጫንካቸው?» አለው ሰብሳቢው፣ ለነገር ሳይሆን እንዲሁ ገርሞት።

ሐኪሙ «ተሳስቼ ነው» ማለት አሳፍሮት «ትእዛዝ ተቀየረ» አለ። ዘጠኙን ለማስመለስ ከአጎቱ የወረሰውን የራዲዮ መጠገኛ ዕቃ በሙሉ ከነሣጥኑ ሰጠ።

ቺፑን የመክፈቱ ነገር ሌላ ጣጣ ሆነበት። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ቢያይ፣ ቢያይ፣ ሁሉም ጉንዳን ነው። ወደ መምህሩ ቤት ተመልሶ፣ «ለአንድ ወዳጄ ላሳየው ፈልጌ ነው» ብሎ የልጅ ልጃቸው ስትሠራው ከጀርባዋ ቆሞ ተመለከተ፤ አራት ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች። ያንን እንደ ስልክ ቁጥር በልቡ እየደጋገመ ሄደ። መንገድ ላይ ሰላም ያሉትን ሰዎች እንኳ ቁጥሩ እንዳይጠፋበት ዘግቷቸው አለፈ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባና የሆነውን ተናገረ። ማንበብ የማይችል መሆኑን ግን አልተናገረም፤ «ቸኩዬ ነው» አለ። ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ወረቀቱ ላይ ያንተ ፊርማ አለ። ከሥሩ ደግሞ የኔ አለ» አለ። «‹ሐኪሙ ጠግኖ መለሳቸው› እንበልና ነገሩ እዚሁ ይቅር። ማን ያውቃል?»

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባል ሐኪሙ አይጠፋውም። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበትና «እሺ» አለ።

አዳራሹ በተከፈተበት ቀን ሠራተኛውም አንባቢውም ተሰበሰበ። ዘጠኙ ኮምፒውተሮች በአዲሱ ዊንዶውስ አብርተው ተደርድረዋል። ሥራ አስኪያጁ «ሐኪማችን ከመቃብር አስነሳቸው!» ብሎ እጁን ያዘና ወደ ላይ አነሳው። ጭብጨባው ቀለጠ። አንዲት አሮጊት አንባቢ «እጅህን ቁርጥማት አይንካው!» ብላ መረቀችው። የካታሎግ ክፍሏ ልጅ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እሷም ሦስት ጊዜ አጨበጨበችና አቆመች። ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው። በዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ በቀለለው። የነበረው ግን «አውቄዋለሁ» የሚል ነገር ብቻ ነው። ሐኪሙ በሕይወቱ ብዙ ተሰድቧል፤ እንደዚያ ቀን ጭብጨባ ያዋረደው ስድብ ግን አልነበረም።

ምሳውን ሳይነካው ሲቀር አይታ ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» አለችው። ነገራት። የልጅቷንም ነገር፣ የሳቁንም፣ የጭብጨባውንም። ሚስቱ ሳታቋርጠው ሰማች።

«እኔን መነጽሬን ረሳሁ ስትለኝ ሃያ ዓመት ችዬሃለሁ» አለች። «ሚስትህ ነኝ፣ ይሁን። እሷ ግን ምን በወጣት?»

«ለብቻዋ ጠርቼ ይቅርታ ልላት አስቤያለሁ።»

«ባደባባይ አዋርደህ በጓዳ ይቅርታ? እንዲህ ያለውን ይቅርታ ለራስህ ነው የምትጠይቀው።»

ሐሙስ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ሐኪሙ ተነሳ። የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

«ከሦስት ወር ገደማ በፊት አሥራ ስድስት ጊዜ ‹አይችልም› ብዬ ጽፌ ነበር» አለ። «የመረመርኩት ሦስቱን ብቻ ነው። እነሱንም ቢሆን ጽሑፉን አላነበብኩትም። አላነበብኩትም ስል ቸኩዬ አይደለም። እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም። እዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ አልቻልኩም።»

ቀልድ መስሎት አንድ ሰው «ኧረ ሐኪም!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ የሚቀበለው አጥቶ አየር ላይ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ የሸሚዙን ቁልፍ እየነካካ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ባለፈው ሰሞን ያጨበጨባችሁልኝ ላልጠገንኩት ነገር ነው። የተበላሸም ነገር አልነበረም፤ ተዘግቶ ነው። ይሄንን እሷ ነግራናለች።» ልጅቷን ቀና ብሎ ለማየት ሞከረ፤ አልቻለም፤ ጠረጴዛውን እያየ ጨረሰው። «አቧራ አራግፊ አልኳት። እናንተም ሳቃችሁ። ያሳቅኳችሁ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ነው። ልክ የነበረችው እሷ ናት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ልጅቷ ስትናገር ድምፏ ዝግ ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ከስብሰባው ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው የቆየሁት፤ ሰው እስኪሄድ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት እጄን አውጥቼ አላውቅም። ካፌ ስሄድ እንኳ ‹የቺፕ ባለሙያዋ መጣች› የሚሉኝ አሉ።» ዞር ብላ የሥራ ባልደረቦቿን አየች፤ ሁለት ሦስቱ አቀረቀሩ። «ይቅርታዎን ሰምቻለሁ። አሁን ይቀመጡ።»

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አላለችም። ሐኪሙም ይህን ልብ ብሎ ነው የተቀመጠው።

ለእሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ለሥራ አስኪያጁ ምን እንደተሰጠው የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተርን የሚመለከት ማንኛውም ወረቀት በሐኪሙና በካታሎግ ክፍሏ ሠራተኛ ጣምራ ፊርማ እንዲያልፍ ተወሰነ። አንዳንዶች «ሐኪሙ» ማለቱን ተዉት፤ ሌሎች ሆን ብለው አጠበቁት። ሲጠሩት አቤት ይላል፤ እንደ ድሮው ግን ቶሎ አይልም።

አዲስ መልእክት በመጣ ቁጥር ወደ ካታሎግ ክፍሉ ሄዶ በሩን ያንኳኳል። መጀመሪያ መጀመሪያ እሷ ታነብና ትርጉሙን ትነግረዋለች፣ ከሥራ በቀር ሌላ ቃል አይነጋገሩም። አንድ ቀን ግን፣ የሚቀጥለው ማሻሻያ ስንት ራም እንደሚፈልግ የሚናገር ማስታወቂያ ይዞ ሲመጣ፣ እርሳሷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ «ይቺን እርስዎ ይሞክሯት» አለችው። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል በፊደል መጎተት ጀመረ። ሦስተኛዋ ቃል ላይ አንድ አንባቢ መጽሐፍ ሊመልስ ገባ። ሐኪሙ አፉን ዘጋ። ልጅቷ መጽሐፉን ተቀብላ መዘገበች፣ ሰውየውን ሸኘች፣ እርሳሷንም መልሳ እዚያችው ቃል ሥር አደረገችና ዝም ብላ ጠበቀችው። ከብዙ ማንተብተብ በኋላ ቃሏን አወጣት። እሷም «እሺ፣ ቀጥሎስ?» አለች እንጂ ጎሽ አላለችውም።

አዳራሹ ውስጥ ሰባት ጠረጴዛዎች እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው። ሰዎች ተራ ይዘው ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይጠቀማሉ፤ አንዳንዱም ጠብቆ ጠብቆ ሳይደርሰው ይመለሳል። በቀደም አንድ አዲስ አንባቢ፣ መቆሙ ሰልችቶት፣ «እዚህ ላይ የነበሩት ኮምፒውተሮች የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀው።

«እኔ ነኝ ያስጣልኳቸው» አለ ሐኪሙ።

ሰውየው የሚቀልድበት መስሎት ፈገግ አለ። ሐኪሙ ፊቱ እየቀላ «ደህና ነበሩ» ብሎ ጨመረለትና፣ ተራው ሲደርስ እንዲጠራው ስሙን መዝገቡ ላይ ጻፈለት።